ከሥር ያለው ማስታወቂያ

የንግድ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለፖሊስ ጣቢያው ደውሎ «ማስታወቂያ የሚለጥፉት ሽማግሌ ከመሰላል ወድቀው ተጎድተዋል» አለ። ኢንስፔክተሩ ከሳጅኗ ጋር ሲደርስ ሽማግሌው በአምቡላንስ ተወስደው ነበር። መሰላሉ ግን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሃያ እርምጃ ርቆ፣ የግቢው ግድግዳ ላይ ካለው ማንጠልጠያ ተሰቅሏል። ቀጥ ብሎ፣ አንድ ጣት እንኳ ሳያዘነብል።

«መሰላሉን ማን አነሳው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ማንም አልነካውም ጌታዬ። ሁሉም ነገር እንዳገኘሁት ነው።»

«እንግዲህ ሽማግሌውን ጥሎ ሲያበቃ በእግሩ ሄዶ ተሰቀለ ማለት ነው።»

ዘበኛው ሊስቅ ቃጣውና ተወው። ዓይኑን ከመሰላሉ ላይ አንስቶ ጫማው ላይ ተከለ።

ሰሌዳው በግቢው መግቢያ፣ ከሲሚንቶ ደረጃው በላይ የቆመ ሰፊ ጣውላ ነው። መንግሥት አዲስ ነገር ባወጣ ቁጥር የሚለጠፈው እዚህ ነው፤ ፈቃድ የሚታደስበት ቀን፣ የተለወጠ መመሪያ፣ የሚዛን ምርመራ፣ የጠፋ ማኅተም። ወረቀት በወረቀት ላይ እየተደረበ ጣት የሚያህል ውፍረት አውጥቷል። ሁሉም በአጠገቡ ያልፋል፣ ማንም አያነበውም። ዛሬ ግን መሀሉ ላይ የአንድ ገጽ ያህል ቦታ እስከ እንጨቱ ድረስ ተፍቋል። ከሥሩ ደረጃው ላይ ደም አለ። አጠገቡ አንድ ባልዲ የዱቄት ሙጫ ቆሟል፤ ገና ለብ ያለ ነው።

ሳጅኗ ከዕቃ ቤቱ ወጣች። «መፋቂያው መደርደሪያ ላይ ነው። ታጥቧል። ውሃው ገና አልደረቀም።»

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ከደረጃው ሥር የወደቀ አረንጓዴ የሱፍ ቆብ አነሳ። ቆቡን ያውቀዋል። አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከቢሮው በር ውጪ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ይህንኑ ቆብ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ነበር። እሱ በር በከፈተ ቁጥር ብድግ ይላሉ። በሦስተኛው ጊዜ «አባቴ፣ ዛሬ ጊዜ የለኝም፣ ሰኞ ይምጡ» ብሏቸዋል። እሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው እጅ ነስተው ሄዱ። ሰኞ ይኸው መጣ።

«ስማቸው ማነው?» አለ፣ ቆቡን ከእጁ ሳይለቅ።

«ጋሼ ሙጫ እንላቸዋለን ጌታዬ። ማስታወቂያ ለጣፊው። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል።»

«ዛሬ ጠዋት ከሳቸው ሌላ ማን ገባ?»

«ማንም» አለ ዘበኛው ቶሎ ብሎ። ጥያቄው ሳያልቅ የሚመጣ መልስ ኢንስፔክተሩን ደስ አሰኝቶት አያውቅም። ግን የራሱም ሆድ ንጹሕ አልነበረምና ሰውየውን ለጊዜው ተወው።

*

ከበሩ ማዶ ያለው ጋዜጣ ሻጭ ለመናገር ሰው አላስለመነም። «ባለ ላውንደሪዋ ናታ! አሥራ ሁለት ከሃምሳ ላይ ገባች፣ ወዲያው ተመልሳ እየሮጠች ወጣች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ወልቆባት እንኳ አላነሳችውም።» ጫማውን ከጋዜጣው ሥር አውጥቶ አሳየ። «አርብ ዕለት እዚሁ በር ላይ ምን እንዳለች አገር ሰምቷል። ‹ይህን ማስታወቂያ የለጠፈ እጁ ይድረቅ› ነው ያለችው።»

ሳጅኗ ጫማውን ተቀብላ እየሄዱ ነገሩን ዘረዘረችለት። በቦይለር፣ በእንፋሎት ማፍሊያ፣ የሚሠራ ቤት ሁሉ አዲስ የምርመራ ወረቀት እንዲያወጣ መመሪያ ወጥቷል። ጊዜው ማስታወቂያው ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ አሥራ አምስት ቀን ነው። ማስታወቂያው ወር በገባ በሦስት ተለጠፈ፤ ሴትዮዋ ወረቀቱን አላወጣችም፤ በአሥራ ዘጠኝ፣ አርብ ጠዋት፣ ታሸገች። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ቅሬታ ሰሚው ጉዳይዋን ያያል፤ ከተሸነፈች ፈቃዷ ይሰረዛል።

«እና ሰሌዳውን ፍቃ ሽማግሌውን ገፈተረች ትያለሽ?»

«እኔ ምንም አላልኩም። አዛዡ ግን እንደዚህ ይላል፣ ታያለህ።» ሳጅኗ ከእሱ በስድስት ዓመት ትበልጣለች፤ ሰው ፊት «ጌታዬ» ትለዋለች፣ ብቻቸውን ሲሆኑ እንደ ታናሽ ወንድሟ ነው።

ላውንደሪው በር ላይ ቀይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፎ፣ ገመዱ በሰም ታትሟል። ሴትዮዋ ከደጁ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ልብስ ሊወስድ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ይቅርታ ትጠይቃለች። አንድ ጎልማሳ ሱሪውን ፈልጎ ይነታረካታል።

«ወንድሜ፣ ሱሪህ ከነእኔ ታስሯል። ሲፈቱን አብረን እንወጣለን።»

ኢንስፔክተሩ ነጠላ ጫማውን ከእግሯ አጠገብ አስቀመጠላት። አየችው። ሰውየውን በእጇ ሸኘችና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«ቤቴ ነበርኩ ልበልዎት?»

«በይ፣ ልጽፈው እችላለሁ። ጫማው ግን አይስማማም።»

«አልገደልኳቸውም።»

«ሞቱ ያለሽ የለም። ሆስፒታል ናቸው።»

ቀና አለች። «በሕይወት አሉ?» ደስታዋ እውነት ነበር፤ ወዲያው ግን የባሰ ነገር ፊቷ ላይ መጣ። «እንግዲያስ ስተዋቸው በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።»

ከዚያ ሁሉንም አፈሰሰችው። አርብ ቀትር ላይ ጋሼ ሙጫ ሱፋቸውን ሊወስዱ መጡ። ያላቸው አንድ ሱፍ ነው፤ ለሴት ልጃቸው ምርቃት ሊለብሱት እንዲታጠብ ሰጥተዋት ነበር። በሩ ላይ እሽጉን አዩ። ወረቀቱን ጠጋ ብለው አነበቡት፤ ሁለት ጊዜ። «በሦስት ተለጠፈ ይላል እንዴ?» አሏት። «ይላል፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ የለጠፉት፣ እጅዎ ይድረቅ» አለቻቸው። እሳቸው አልተቆጧትም። «ሰኞ ማለዳ፣ ሠራተኛ ሳይገባ ነይ። አንድ ነገር በዓይንሽ ታያለሽ» ብለዋት ሄዱ።

«ዛሬ ስገባ በሩ ክፍት ነው፣ ዘበኛ የለም። እሳቸው ደረጃው ላይ ወድቀዋል። ደሙን ሳይ እኔው በአደባባይ የረገምኳቸው ነገር ትዝ አለኝ። ማን ያምነኛል ብዬ ሮጥኩ። ሰው ጥሪልኝ ቢሉኝስ ኖሮ? አልቆምኩም እኮ ልሰማቸው።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ይሰሩኝ እንጂ ወንድሜ። ለዚህ መታሰር ይገባኛል።»

«ለፈሪ እስር ቤት ቢሠራ ከተማው አይበቃም» አለ ኢንስፔክተሩ። ይህን ያለው ለሷ ብቻ አልነበረም።

*

ጋሼ ሙጫ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሞቱ። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «የራስ ቅላቸው ውስጥ ደም ፈሷል። ሠላሳ አርባ ደቂቃ ቀድመው ቢመጡ ኖሮ፣ ምናልባት» አለ። ኢንስፔክተሩ ‹ምናልባት› የምትለዋን ቃል ማስታወሻው ላይ ጻፋትና መልሶ ሰረዛት።

ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ የአባቷን ጫማ በላስቲክ ይዛ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፤ ለቅሶው ገና አልደረሰላትም።

«አርብ ማታ አባትሽ ምን አሉሽ?»

«ምሳም እራትም አልበላም አለ። ‹እኔም ሳላነብ ፈርሜያለሁ፣ ጥፋቱ የኔም ነው› ይላል። ምን ፈርመህ ነው ስለው፣ ‹ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር፣ ሰውየው ሥራ በዝቶበታል፣ ሰኞ ያነጋግረኛል› አለኝ።» ፊቱን ቀና ብላ አየችው። «የትኛው ፖሊስ እንደሆነ ያውቃሉ?»

ኢንስፔክተሩ አፉን ከፈተ። «አጣራለሁ» አለ። በሕይወቱ ብዙ ውሸት ሰምቷል፤ ይህን ያህል አጭር ውሸት ግን ከማንም ሰምቶ አያውቅም።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለችው ዞር ከማለቱ በፊት። «ሱፉ ላውንደሪ ውስጥ ነው። ነገ ነው ቀብሩ። ያለ እሱ ሌላ ደህና ልብስ የለውም።»

አዛዡ ስልኩ ላይ እየጠበቀው ነበር። «ሴትዮዋ ዝታለች፣ ታይታለች፣ ሸሽታለች። ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ያዛትና መዝገቡን አዘጋጅ።»

«መሰላሉ አለ ጌታዬ።»

«ምን መሰላል?»

«እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ይስጡኝ።»

*

የፈቃድ ክፍል ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አምስት እስክሪብቶ አሉ፤ አምስቱም ጎን ለጎን ጫፋቸው እኩል ሆኖ ተደርድሯል። ኢንስፔክተሩ ቆቡን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገ። ኃላፊው እያወራ በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ ቆቡን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለው።

«ትልቅ ሐዘን ነው» አለ። «ትጉ ሠራተኛ ነበሩ። እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ስገባ ነው የሰማሁት። ሴትዮዋ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ግን ሰው ንዴት ሲያሸንፈው ያው ነው። ማስታወቂያውን ፍቃ ካጠፋች ያልተለጠፈ የሚሆን መስሏት ይሆናል።»

«ማስታወቂያው በሦስት ነው የተለጠፈው?»

«በሦስት።» መሳቢያውን ስቦ አንድ ፋይል አወጣ፤ የሚፈልገው ወረቀት ከላይ ነበር። «የመለጠፍ ማረጋገጫ ይኸውና። መመሪያው ሦስት ፊርማ ይጠይቃል፤ የለጣፊው፣ የክፍል ኃላፊው፣ የፖሊስ ታዛቢ። ሦስቱም አሉ።»

ኢንስፔክተሩ አየ። በመጀመሪያው መስመር የጋሼ ሙጫ የተንቀጠቀጠ ፊርማ። በሁለተኛው የኃላፊው። ሦስተኛው ላይ ማየት አላስፈለገውም፤ የራሱን እጅ ከሩቅ ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታዛቢ ማለት ማስታወቂያው ሲለጠፍ በዓይኑ ያየ ማለት ነው። ግን ፖሊስ ለአንዲት ወረቀት ሲል መንገድ ተሻግሮ ሰሌዳ ሥር አይቆምም። ስለዚህ ተላላኪው አርብ አርብ የሳምንቱን ቅጽ ክምር ጣቢያው ድረስ ያመጣል፣ ኢንስፔክተሩ ሻዩን እየጠጣ ከላይ እስከ ታች ይፈርማል። ስድስት ዓመት እንዲህ አድርጓል። ከእሱ በፊት የነበረውም እንዲሁ። ማንም ክፉ ነገር አላሰበም፤ ማንም ምንም አላሰበም።

«የእርስዎ ፊርማ አይደለም እንዴ?» አለ ኃላፊው በለሆሳስ። ማስፈራራት አልነበረም፤ ይልቁንም ሰው ወንድሙን ‹ሁለታችንም አንድ ጀልባ ላይ ነን› የሚልበት ዓይነት ድምፅ ነበር።

«የኔ ነው።»

«እንግዲያው ቀኑ ላይ ጥርጣሬ የለንም።»

ኢንስፔክተሩ ቆቡን አንስቶ ወጣ። የሐሰት ታዛቢነት ከሥራ ያስባርራል፤ ከዚያም በላይ ያስከስሳል። አሥራ ስምንት ዓመት አገልግሏል። ሚስቱ እንኳ ‹ፋይሉ ላይ ዝንብ ያላረፈበት ሰው› እያለች ትቀልድበታለች። ዝም ካለ ግን ቀኑ እንደተጻፈ ይጸናል፣ ሴትዮዋም ከነቀኑ ትታሰራለች። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቷል፤ አረሙ የሰው ሕይወት ይሆናል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

*

ጣቢያው ሲመለስ ቢሮው አልገባም። ከበሩ ውጪ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሳጅኗ ፋይል ይዛ ስታልፍ ቆመች።

«ምነው፣ ቀጠሮ ይዘሃል?»

«አርብ ዕለት እዚህ የተቀመጡት ሽማግሌ ትዝ ይሉሻል?»

«ባለ አረንጓዴ ቆቡ?» ከዚያ ገባት። «ውይ። እሳቸው ናቸው?»

«እሳቸው ናቸው። እኔ ውስጥ ሆኜ ወረቀት ስፈርም ነበር።»

ሳጅኗ ልታጽናናው አልሞከረችም፤ ሰው አጉል ሲያጽናናው እንደማይወድ ታውቃለች። ይልቅ ግንባሯን ቋጠረች። «ሲመጡ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው ነበር። ምንድነው አባቴ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ‹ለሰውየው ነው› አሉኝ። ሲወጡ ግን አሁን ሳስበው፣ በሁለት እጃቸው ቆባቸውን እያጠለቁ ነው የወጡት፤ ብብታቸው ባዶ ነበር።»

ሁለቱም እኩል ጎንበስ አሉ። ከአግዳሚው ወንበርና ከግድግዳው መካከል፣ ጽዳት የማይደርስበት ቦታ፣ ከረጢቱ ቆሞ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ።

ውስጡ ያለው ከማስታወቂያ ሰሌዳው በቢላ የተቆረጠ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ነው። ወረቀቱ ተደራርቦ እንደ ወፍራም ካርቶን ሆኗል። ከላይ ያለው የቦይለሩ ማስታወቂያ የታችኛው ጥግ ነው፤ ማኅተሙና ቀኑ ይነበባል፤ ወር በገባ በሦስት።

«ይሄማ የምናውቀውን ነው ያመጡልህ» አለች ሳጅኗ።

«ከላይ ያለውን አይደለም ያመጡልኝ። ሰሌዳውን አይተሽዋል፤ ጋሼ ሙጫ አሮጌ ማስታወቂያ ቀድደው አያውቁም። አዲሱን ካሮጌው ላይ ይለጥፋሉ። ሙጫው ደግሞ የዱቄት ነው፣ በውሃ ይለቃል።»

የእጅ መታጠቢያው ገንዳ ላይ ለብ ያለ ውሃ ሞሉ። ሳጅኗ ቁራጩን ነከረችው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ከዚያ በጥፍሯ የላይኛውን ወረቀት ከጥግ ጀምራ ቀስ እያለች ላጠችው። ሳይቀደድ መጣ። ከሥሩ ሌላ ማኅተም ብቅ አለ።

«የሚዛን ምርመራ ማስታወቂያ» ብላ አነበበች። «ወር በገባ በአሥራ ሁለት።»

ደግማ አየችው። «በአሥራ ሁለት የወጣ ወረቀት በሦስት ከተለጠፈ ወረቀት ሥር እንዴት ይገባል?»

«አይገባም። የቦይለሩ ከአሥራ ሁለት በኋላ ነው የተለጠፈው። ጥቂት ቀን ሳይሞላው ሴትዮዋን አሸጓት። ሽማግሌው እሽጉ ላይ ‹በሦስት› የሚለውን ሲያዩ ነው የነቁት። ሰኞ ሊያሳዩአት የፈለጉትም ይህንኑ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የቀረውን በፊቷ ሊልጡላት።»

«ታዲያ በሦስት ሲለጠፍ አየሁ ብሎ የፈረመው ፖሊስ ማነው?»

ኢንስፔክተሩ እጁን ከውሃው አውጥቶ አደረቀ። ፎጣውን ከሚገባው በላይ ይዞት ቆየ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ምናልባትም እሳቸው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ።»

*

ማታ ዘበኛው የቀኑን ተረኛ ሊተካ ገና አልሄደም ነበር፤ ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኙት። ኢንስፔክተሩ ሰላምታውን አሳጠረ።

«ጋሼ ሙጫ መሰላሉን ከሥራ በኋላ የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

«እዚያው ሰሌዳው ሥር ያጋድሙታል። ትከሻቸው አይታዘዝም፤ ማንጠልጠያው ከፍ ያለ ነው።»

«አንድ ቀን እንኳ ሰቅለውት ያውቃሉ?»

«ኧረ በጭራሽ። ለዚሁ ነገር አራት ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎባቸዋል እኮ። ‹መሰላል ከቦታው ይሁን› እየተባለ…» ዘበኛው የራሱን ቃል ሲሰማ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ደብዳቤውን የጻፈው ማነው?»

ዘበኛው ከኋላው ያለውን በር ገርበብ አደረገ።

«ወንድሜ፣» አለች ሳጅኗ በቀስታ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት አብረሃቸው ሠርተሃል።»

ሰውየው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። «ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ ነው የመጣው፣ የክፍል ኃላፊው። እንደዚያ ማልዶ መጥቶ አያውቅም። ‹ይህን ደብዳቤ ዋናው መሥሪያ ቤት አድርስ› ብሎ ላከኝ። ማን ይቀበላል በዚያ ሰዓት? ቆሜ ቆሜ ስመለስ ሽማግሌው ወድቀዋል፣ እሱ የለም፤ የጓሮው በር ተከፍቷል። ሁለት ሰዓት ላይ በፊት ለፊት ገባና ‹ደህና አደርክ፣ ምን ተፈጠረ?› አለኝ። እኔም ‹ደህና አደሩ ጌታዬ› አልኩት። ይህንኑ ነው ያልኩት፣ ‹ደህና አደሩ›።»

*

ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ኃላፊው ሁለቱን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። ኢንስፔክተሩ ሁለቱን የደረቁ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ከላይ የነበረውን ከላይ፣ ከሥር የነበረውን ከሥር። ኃላፊው ቀኖቹን አየና እጁ ያለ ፈቃዱ ሄዶ ወረቀቶቹን ጠርዝ ለጠርዝ አስተካከለ።

«መሰላሉንም እንዲሁ ነው ያስተካከሉት» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሰውየው እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

«ሰውየው ወድቀው ደም እየፈሰሳቸው፣ እርስዎ ሰሌዳውን ፍቀው፣ መፋቂያውን አጥበው መደርደሪያው ላይ መለሱ፤ መሰላሉን ሰቀሉ። ዘበኛው ቃሉን ሰጥቷል። እኔ የማላውቀው አንድ ነገር ነው። ማስታወቂያውን ለምን አዘገዩት? ማን ጠቀመዎት?»

«ማን ይጠቅመኛል?» ኃላፊው ተቀመጠ። የመጀመሪያው የእውነት ድምፁ ነበር። «ረሳሁት። መሳቢያ ውስጥ ረሳሁት። እኔ፣ ሁሉን ነገር በቦታው የማኖር ሰው። በአሥራ ሰባት ከላይ ‹መመሪያው በሥራ ላይ መዋሉን ሪፖርት አድርግ› የሚል መጣ። ሳወጣው አሥራ አራት ቀን አልፏል። ያን ቀን አስለጠፍኩት፣ ቅጹን በሦስት አልኩት፣ ሌሎቹ መካከል አስገብቼ ላክሁልዎት። አንድ ቤት ቢታሸግ ወረቀቷን አውጥታ ትከፈታለች ብዬ ነው። ቅሬታ ታመጣለች አላልኩም።»

«ሽማግሌውስ?»

«አርብ ማታ ሰሌዳው ላይ የተቆረጠውን አየሁ። ሰኞ የቀረውን ልፍቅ መጣሁ፣ እሳቸው ቀድመውኛል። ‹ተው ልጄ፣ እናስተካክለው፣ እኔም ፈርሜያለሁ፣ እውነቱን አብረን እንናገር› አሉኝ። ከሰሌዳው ፊት አልለቅም አሉ። ገፋ አደረግኋቸው። እንዲወድቁ አልነበረም፤ ዘወር እንዲሉ ብቻ ነበር።» መነጽሩን አወለቀ። «ሲተነፍሱ አይቻለሁ።»

ሳጅኗ ካቴናውን አወጣች። ኃላፊው እጁን ከመስጠቱ በፊት ቀና ብሎ ኢንስፔክተሩን አየው።

«መዝገቡ ላይ ያ ማረጋገጫ ይገባል። የእርስዎ ፊርማ አለበት። ያውቃሉ አይደል?»

«አንደኛው ምስክር እኔ ነኝ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ማለዳ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

ሰጥቶ ነበር። አዛዡ መጀመሪያ አላመነውም፣ ቀጥሎ ጮኸ፣ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህን ሳትጽፍ መዝገቡን መዝጋት ትችል ነበር» አለው። ኢንስፔክተሩም «ቀኑ ሐሰት መሆኑን ሳልናገር ሴትዮዋ አትፈታም» አለ። የቅሬታው ጉዳይ በሰውየው ሞት ምክንያት ወደ ዛሬ ተላልፎ ስለነበር፣ ቃሉ ረፋድ ላይ ለቅሬታ ሰሚው ደረሰ፤ እሽጉም እንዲነሳ ተወሰነ። ኢንስፔክተሩ ከነገ ጀምሮ ከሥራ ታግዷል። ዛሬ ግን አንድ ሥራ ቀርቶታል፤ እሽግ ሲነሳ የፖሊስ ታዛቢ ያስፈልጋል።

*

ገመዱ ሲቆረጥ ሰሙ ተሰብሮ ደጃፉ ላይ ወደቀ። ሴትዮዋ ቀድማ የገባችው ወደ ልብስ መስቀያው ነው። ጥቁሩን ሱፍ አውጥታ ብርሃን ላይ ያዘችው። የጋሼ ሙጫ ልጅ ከበሩ አልፋ አልገባችም።

«ቦይለሩን ማብራት አልችልም» አለች ሴትዮዋ። «የምርመራ ወረቀቴ ገና ነው። መመሪያው እኮ ልክ ነው፣ ቦይለር ሲፈነዳ ሰው ይገድላል። ብቻ በጊዜው ቢነግሩኝ ኖሮ።» ተራውን ካውያ ሰካች፣ ሱሪውን ዘርግታ ተኮሰች፣ ከዚያ ኮቱን። እጅጌው ላይ ስትደርስ ቆመች። አንዲት ነጭ የሙጫ ነጠብጣብ አለች፤ እርጥብ ጨርቅ አምጥታ ማሸት ጀመረች።

«ተይው እትዬ» አለች ልጅቷ። «እሱን እንኳ ይዞት ይሂድ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ልጅቷ ዞረ። ከትናንት ጀምሮ ይህን ቃል ይዞት ይዞር ነበር፤ የተሻለ መንገድ አላገኘለትም።

«አርብ ዕለት አባትሽን ያስጠበቀው ፖሊስ እኔ ነኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ከዚያ ሰኞ ይምጡ አልኳቸው።»

ልጅቷ ከሱፉ ላይ ቀና አለች። «አውቄ ነበር» አለች። «ትናንት ‹አጣራለሁ› ሲሉኝ ነው ያወቅሁት።» ይቅር አልኩህ አላለችም፤ አልሰደበችውምም። ሱፉን ለመቀበል እጇን ዘረጋች።

ሴትዮዋ ሱፉን አጥፋ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት፤ በሩ ድረስም ሸኘቻት። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔ አርባ ደቂቃ፣ አንተ ሁለት ሰዓት» አለችው። ‹እርስዎ› ቀርቶ ነበር። «ማን ማንን ያጽናና?»

ከጽሕፈት ቤቱ የተላከው ሠራተኛ የእሽግ ማንሻውን ቅጽ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። ሦስት መስመር ነው፤ የባለቤት፣ የጽሕፈት ቤቱ፣ የፖሊስ ታዛቢ። ሁለቱ ፈረሙ። ሠራተኛው ሦስተኛውን በጣቱ አሳየው።

«እዚህ ጋ ነው ጌታዬ። ያው የተለመደው ቅጽ ነው።»

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረና ከላይኛው መስመር ጀምሮ ማንበብ ጀመረ።